የመልከጸዴቅ ሬዲዮና የሳህሌ መርዶ

የመልከጸዴቅ አፍንጫ ሁለት ጊዜ ተሰብሯል። መጀመሪያ የሰበረው አዳማ ላይ አንድ የአውቶቡስ ረዳት ነው፤ በመቀመጫ ተጣልተው፣ ጥፋቱም የመልከጸዴቅ ነበር። ሁለተኛ የሰበረው ሳህሌ ነው፤ እዚህ አሜሪካ፣ ሲያትል ካሉት ሰዎች ሁሉ አብልጦ የሚወደው ሳህሌ። በሁለተኛውም ጥፋቱ የመልከጸዴቅ ነው፤ የመጀመሪያውን ግን ራሱ እየሳቀ ያወራዋል፣ ሁለተኛውን አያወራውም።

ሰውየው ቁጡ ነው። ፕሪንተር ረግጦ ሰብሯል። የመኪና በር ወርውሮ ሲዘጋ የገዛ ጣቱን ቀጥቅጧል። አንድ ጊዜ ከሲያትል አጠገብ ፌደራል ዌይ በተደረገ የሰፈር ኳስ ላይ ዳኛውን በጥፊ አጩሎ ሁለት ዓመት ሜዳ እንዳይደርስ ተከልክሏል። ይኸው ሰው በሳምንት አምስት ቀን አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ገብቶ የዘጠና ዓመት ፈረንጅ አሮጊት በማንኪያ እያባበለ ሲያበላ ብታዩት ሌላ ሰው ይመስላችኋል። ቁጣውን እንደ ጫማ በር ላይ አውልቆ ይገባል ይሉታል። ችግሩ ሲወጣ መልሶ ማጥለቁ ነው።

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከመኝታ ቤቱ የልብስ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ብርድ ልብስ ግድግዳው ላይ ሰቅሎ፣ በኢንተርኔት ሬዲዮ ሲያሰማ ኖሯል። የታክሲ ሹፌሩ፣ ቱክዊላ መጋዘን ዕቃ የሚያነሣው፣ ሊንውድ ሱቅ የምትሸጠው፣ ሁሉም ስልኩ ላይ ከፍቶ ይሰማዋል። ዜና ያነባል፣ ሥራ ያለበትን ይናገራል፣ ማን እንደወለደ፣ ማን እንደሞተ ያስታውቃል። በተለይ የሞት ማስታወቂያ ሲያነብ ድምፁ ይለወጣል፤ ረገብ፣ ቀስ ይላል፤ ለማያውቁት ሟች ያስለቅሳል።

ከዚያ ድምፅ ጋር ከተዋወቁት አንዷ እትዬ ደስታነሽ ናቸው፤ የሳህሌ እናት። ከአሰላ መጥተው አንድ ክረምት ልጃቸው ዘንድ ሲከርሙ መልከጸዴቅ ቁም ሣጥኑ ውስጥ አስቀምጦ አናግሯቸው ነበር። «ምን መልእክት አለዎት?» ቢላቸው፣ ልጃቸው ሳሎን ተቀምጦ እያለ «ሳህሌን ሰላም በልልኝ» አሉ። አገራቸው ከተመለሱም በኋላ በልጅ ልጃቸው ስልክ ይሰሙት ነበር። መልከጸዴቅን «የኔ ጋዜጠኛ» ነው የሚሉት፤ እርሱም ከሳህሌ እኩል እናቴ ይላቸዋል።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው መስከረም ነው። የሬዲዮውን ድምፅ ተቀብሎ ለአድማጩ የሚያከፋፍለው የድሮ ድርጅት ሥራ ማቆሙን በኢሜይል አሳወቀ፤ መልከጸዴቅ ሌላ ሆስቲንግ በአንድ ሳምንት ውስጥ መምረጥ ነበረበት። እርሱና ባለቤቱ ምሥራቅ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ላፕቶፑን ከፍተው ተቀመጡ። አንዱ ድርጅት ሦስት ዓይነት ፕላን አቅርቧል። እንግሊዝኛው ለምሥራቅ ይቀናታል፤ መልከጸዴቅ ግን ትልልቁን ጽሑፍ እንጂ ትንንሹን ማንበብ አይወድም።

«ይሄኛው አድማጭ ያለ ገደብ ነው የሚለው» አለ፣ ርካሹን እያሳየ። «ያኛው ሦስት መቶ ሰው ሲገባ በሩን ይዘጋል። ሶ፣ ምኑ ነው የሚያስመርጠው?»

«ቆይ፣ ታች ያለውን ላንብብልህ» አለች ምሥራቅ፣ ጣቷን መስመሩ ላይ አድርጋ። «ሰርቨሩ ጀርመን አገር ነው ይላል። አስቀድመህ ስከጁል የምታደርገው ደግሞ…»

«ድምፁ በጀርመን ቢያልፍ በጃፓን ምን አገባኝ?»

«አስጨርሰኝ እንጂ። ሰዓቱን በተመለከተ የሚል…»

«ሁልጊዜ ታች፣ ሁልጊዜ ጥቃቅን! አንቺ ያነበብሽው ነገር ሁሉ ሥራ ያስቆማል!» ብሎ የላፕቶፑን ክዳን ባለ በሌለ ኃይሉ ደረገመው። የምሥራቅ ጣት መሃል ላይ ነበር።

ጣቷን አፏ ውስጥ ከትታ ተነሥታ ቧንቧ ከፈተችበት። ወዲያው ደነገጠ፣ በረዶ አመጣ፣ ይቅርታ አለ፣ እጇን ስሞ አለቀሰ፤ ሁልጊዜም እንደዚያ ነው። ይህን የሰማ ቢረግመው አይፈረድበትም። ማታውኑ ርካሹን ፕላን ገዛ፤ በሳምንቱ የምሥራቅ ጥፍር ጠቆረ።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ክፉው ረቡዕ መጣ። እትዬ ደስታነሽ አሰላ ላይ ዐረፉ። ወሬው መጀመሪያ የደረሰው ለሳህሌ ሚስት ለሚርያም ነው፤ እርሷም ለእድሩ ሊቀ መንበር ለአቶ ወልደ ሥላሴ ደወለች። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉም የሚያውቀው ወግ ነው። ሞት በስልክ አይነገርም። ሽማግሌዎች ገና ሳይነጋ በር ያንኳኳሉ፤ ጉልበት ያላቸው ከግራና ከቀኝ ይቆማሉ፤ ባለ መርዶው ራሱን ሲጥል መሬት ሳይነካ ይይዙታል። ቅዳሜ ሥራ ስለማይበዛ ለቅዳሜ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተቀጣጠሩ።

ሦስት ቀን ሙሉ ከተማው በሙሉ አንድ ሰው ደበቀ። ሚርያም ከባሏ ስልክ ፌስቡኩን አጠፋችና ተበላሽቶ ነው አለችው። ዘመዶች እንዳይደውሉ ተለመኑ። ታክሲ ተራ ላይ ጓደኞቹ ሲያዩት ሳቃቸውን አበዙ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዕድ ነው እንደሚባለው፣ እናቱ የሞቱበት ሰው ብቻ ሳያውቅ ሐሙስም ዓርብም ታክሲውን ሲነዳ ዋለ።

ለቅሶ ቤቱ የት እንደሆነ ለሕዝቡ መንገር የመልከጸዴቅ ሥራ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግን አረጋውያኑ ዘንድ ተረኛ ነበር፤ ስለዚህ ዓርብ ማስታወቂያውን በዚያ ረጋ ባለ ድምፁ ቀዳውና በማግስቱ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ በራሱ እንዲሰማ አዘዘው። ሰዓቱን በፈረንጅ አቆጣጠር አስተካክሎ፣ ጧትና ከሰዓት የሚለውን ሁለት ጊዜ አይቶ ነው ያስገባው። በአዲሱ ፕላን አስቀድሞ ቀድቶ ሲያዝ የመጀመሪያው ነበር፤ እስከዚያ ቀን ሁሉንም በቀጥታ ነው ያስተላለፈው።

ቅዳሜ ጠዋት ስምንት ሰው የሳህሌ አፓርትመንት ፓርኪንግ ላይ ቆሞ ነበር። እያካፋ ነው። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፤ አቶ ወልደ ሥላሴ በከዘራቸው ተደግፈው ሰዓታቸውን ያያሉ። ሚርያም በፒጃማዋ ላይ ካፖርት ደርባ እየሮጠች ወረደች። ተኝታ ሳለች ሳህሌ ሾልኮ ወጥቷል፤ የታመመ ጓደኛው ለምኖት አንድ መንገደኛ ኤርፖርት ሊያደርስ። «መጣሁ ብሎ ቴክስት አድርጎልኛል፣ አሁን ይደርሳል» አለች። መልከጸዴቅ ሳህሌ ሲመጣ እንዳያያቸው ብሎ ሁሉንም ወደ ደረጃው ሥር ሰበሰበ።

ታክሲው እየበረረ መጣ። መታጠፊያው ላይ አልቀዘቀዘም፤ በአንድ ጎማው የእግረኛ መንገዱ ላይ ወጥቶ የቆሻሻ ገንዳውን ገጭቶ ቆመ። ሳህሌ በሩን ከፍቶ ሲወርድ ግንባሩ ተሰንጥቆ ደሙ ቅንድቡ ላይ ይንጠባጠባል። ነጠላ የለበሱትን ሴቶች አየ፤ ሽማግሌውን አየ። አልተገረመም። ዓይኑ መልከጸዴቅ ላይ ሲያርፍ ሮጠ።

የመጀመሪያው ቡጢ አፍንጫው ላይ ነው ያረፈው። መልከጸዴቅ የሆነው ሳይገባው እንደ ልማዱ እጁ ቀደመው፤ መልሶ የሳህሌን አገጭ ነረተው፤ ሁለቱም ተያይዘው የታክሲው ኮፈን ላይ ወደቁ። ሳህሌ ጸጉሩን ጨምድዶ ጭንቅላቱን ከብረቱ አጋጨው፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። «አብደሃል እንዴ?» አለ መልከጸዴቅ ደሙን እየዋጠ።

«ሰማሁት» አለ ሳህሌ። «ድምፅህን ሰማሁት። አይ ፋይቭ አውራ ጎዳና ላይ። የቤቴን አድራሻ ሰማሁት።»

መልከጸዴቅ ያን ሲሰማ እጁን ለቀቀ። ከዚያ በኋላ አንድም አልተከላከለም። ሳህሌ አስፋልቱ ላይ ጥሎ በጉልበቱ ጎኑን ሲመታው አንድ ነገር ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ሰዎች ሊገላግሉ ሲረባረቡ አቶ ወልደ ሥላሴ ተገፍተው ወደቁ፣ ከዘራቸው መኪና ሥር ገባ። ሦስት ሰው ነው ሳህሌን ከላዩ ያነሣው፤ ተይዞም በእግሩ ይራገጥ ነበር። ሚርያም ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ትጮኻለች። ከላይ መስኮቶች ተከፈቱ።

የሆነው ይህ ነው። ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሳህሌ መንገደኛውን አውርዶ ባዶ መኪናውን ወደ ቤት ይነዳል። ብቸኝነቱን እንዲያስረሳው የጓደኛውን ሬዲዮ ከፈተ። ሙዚቃው ተቋረጠና ያ ረጋ ያለ ድምፅ መጣ፤ «የወዳጃችን የአቶ ሳህሌ ወላጅ እናት…» አለ። የቀብራቸውን ቀን ነገረው። ለቅሶው የት እንደሆነ፣ የቤቱን ቁጥር ሳይቀር ነገረው። መኪናውን ጠርዝ ላይ እንዴት እንዳቆመ አያውቅም። መሪውን በግንባሩ ሲመታ፣ ሲመታ፣ የፊት መስተዋቱን ነቅሎ ሲወረውር ፖሊስ መጣ። እጁን ጣሪያው ላይ አስለጥፎ እንዳትነቃነቅ አለው። አማርኛው እንጂ እንግሊዝኛው ጠፍቶበት ምን እንደሆነ ለማስረዳት ብዙ ቆየ፤ በመጨረሻ ፖሊሱ ለቀቀው። የእናቱን ሞት ሲሰማ አጠገቡ የቆመው ሽጉጥ የታጠቀ እንግዳ ነው።

መልከጸዴቅን ሐኪም ቤት ማን እንደመታው ቢጠይቁት ከደረጃ ወደቅሁ አለ። አፍንጫው ተሰብሯል፣ ሁለት ጎድኑ ተሰንጥቋል። ቤቱ ሲደርስ ቀጥታ ወደ ቁም ሣጥኑ ገባ። ማይክሮፎኑን ከነማቆሚያው አንሥቶ ግድግዳው ላይ ቀጠቀጠው። የድምፅ መቆጣጠሪያውን መሬት ላይ ጥሎ ረገጠው፤ በረገጠ ቁጥር ጎኑ እየወጋው፣ በወጋው ቁጥር ብሶበት ረገጠ። ብርድ ልብሶቹን ከግድግዳው ገነጠለ። ምሥራቅ በሩ ላይ ቆማ አየችው።

«ጨረስክ?» አለች ሲደክመው።

«ኩባንያው ነው! እነዚህ ውሾች…»

ላፕቶፑን ይዛ ነበር። ክዳኑን ከፍታ ፊቱ አቀረበችውና የጠቆረውን ጥፍሯን አንድ መስመር ላይ አደረገች። ቀስ ብላ ወደ አማርኛ እየመለሰች አነበበችለት። በዚህ ፕላን የፕሮግራም ሰዓት የጀርመን ሰዓት ነው፤ በደንበኛው ፈቃድ አይለወጥም። የጀርመን ሰዓት ከሲያትል በዘጠኝ ሰዓት ይቀድማል።

«ያን ቀን ይችን ነበር የማነበው» አለች።

መልከጸዴቅ መስመሩን አየ፣ ጥፍሩን አየ። የሚሰብረው ነገር አጥቶ በተሰበረው ዕቃ ላይ ተቀመጠ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ፤ የእርሱ ቃል ግን ከአፋፍም አልፎ፣ ባሕር ተሻግሮ ሄዶ፣ ተመልሶ ወንድሙን ከኋላው ወግቶታል። ከዛሬ ጀምሮ ሬዲዮ የሚባል የለም አለ።

ለቅሶ ቤቱ ግን የባሰ ነገር ነበር። ሳህሌ አላለቀሰም። ሰው እየገባ ሲያለቅስለት ፍራሽ ላይ እንደ ድንጋይ ተቀምጦ ያያል። እህል አልቀመሰም። እሑድ ምሽት መታጠቢያ ቤት ገብቶ ግድግዳውን በቡጢ ሲመታ የጣቶቹ አንጓ ተልጦ ተገኘ። ሚርያም አንድ ነገር እንዳይሆንባት ፈርታ ቢላዎቹን ሁሉ ጎረቤት አስቀመጠች።

ሰኞ አቶ ወልደ ሥላሴ በውልምታ እያነከሱ መጡና አጠገቡ ተቀመጡ። «ልጄ፣ መልከጸዴቅ በድሎሃል» አሉ። «ሳያውቅ ቢሆንም በድሎሃል። አንተም ደሙን አፍስሰሃል። ካሳህን ንገረን፣ የፈለግከውን ይከፍላል። ሬዲዮውንም ሰብሮ ዘግቶታል።»

ሳህሌ ቀና ብሎ አያቸው። «እርስዎ መርዶ ነግረውኛል?»

«አልነገርኩህም።»

«ማንም አልነገረኝም፣ ጋሼ። መኪና ነው የነገረኝ። ሰው አልያዘኝም።» እጁን አየው፤ እያበጠ ነበር። «ካሳ አልፈልግም። ንገሩኝ። እንደ ወጉ መጥታችሁ ንገሩኝ። እርሱ ይንገረኝ።»

አቶ ወልደ ሥላሴ በሰማንያ ዓመታቸው እንዲህ ያለ ነገር ሰምተው አያውቁም። ግን እሺ አሉ።

ማክሰኞ ንጋት ላይ ለቀስተኛው ሁሉ ከቤቱ ወጣ፣ ፍራሹ ተነሣ። ያው ስምንት ሰው ፓርኪንጉ ላይ ቆመ። መልከጸዴቅ ፊቱ አብጦ፣ ዓይኑ ሥር በልዞ፣ ጎኑ በፋሻ ታስሮ ከፊት ሆኖ ደረጃውን ወጣ። እያንዳንዱ ደረጃ ጎድኑን ይወጋዋል። ሳህሌ ሊመታውም ሊገድለውም እንደሚችል ያውቃል፤ ሳህሌ ካላለቀሰ ግን ሁለቱም ሞተዋል።

አንኳኳ። ሳህሌ የሥራ ጃኬቱን ለብሶ፣ የታክሲውን ቁልፍ ይዞ ከፈተ።

«ምነው በደህና?» አለ። «በጠዋት ምን እግር ጣላችሁ?»

አሥራ አንድ ዓመት ስንቱን ሞት በሚያምር ድምፅ ያነበበው ሰው ቃል ጠፋው። ያ ረጋ ያለ ድምፅ ሊመጣለት አልቻለም። ማይክሮፎኑ የለም፣ ወረቀቱ የለም፣ ፊት ለፊቱ ያለው የሳህሌ ዓይን ነው።

«ግባና ቁጭ በል» አለ መልከጸዴቅ።

«ቆሜ እሰማለሁ። ንገረኝ።»

«ሳህሌ፣ ወንድሜ፣ እናታችን… እትዬ ደስታነሽ ዐረፉብን።»

ሳህሌ ቁልፉን ጣለ። ከዚያ ከሆዱ የወጣው ድምፅ ኮሪደሩን ሞላው። ራሱን ወደ ኋላ፣ ወደ በሩ ጠርዝ ወረወረ፤ መልከጸዴቅ ቀድሞ ወገቡን ያዘው፤ ሁለት ሰዎች ክንዱን ያዙ። ይወራጫል፣ ይናከሳል፣ ጭንቅላቱን ከግድግዳ ሊያላጋ ይታገላል። አንዱን ክንዱን አስለቅቆ ደረቱን ደቃ፤ ክርኑ የመልከጸዴቅን የተሰነጠቀ ጎድን አገኘው። መልከጸዴቅ ዓይኑ ጨለመበት፣ አፉ በደም ተሞላ፤ ምላሱን ነክሶ ነው። አልለቀቀም። አንድ ላይ ወደቁ፤ ከታች የሆነው መልከጸዴቅ ነው፤ ሳህሌ መሬት አልነካም።

«እናቴ! እናቴ!» ይላል ሳህሌ። እንባው የመልከጸዴቅን ያበጠ ፊት አራሰው። «እንዳትለቀኝ» አለው በጆሮው።

«ይዤሃለሁ» አለ መልከጸዴቅ። እርሱም «የኔ ጋዜጠኛ» ይሉት የነበሩትን እናቱን ነበር የሚያለቅሰው።

ለቅሶው ዳግመኛ ከዚያ ቀን ተቆጠረ። ሳህሌ በላ፣ ጠጣ፣ ስለ እናቱ አወራ። በሦስተኛው ቀን ምሽት ፍራሹ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሳለ «ለመሆኑ አርባውን ማን ሊያነብልኝ ነው?» አለ።

«ሬዲዮ የለም እኮ። ሰብሬዋለሁ።»

«ዕቃ ይገዛል። ፕላኑን አምጣው።»

ምሥራቅ ላፕቶፑን አምጥታ በመሃላቸው አስቀመጠችና ርካሹን ትታ ያን ቀን መልከጸዴቅ የናቀውን ውዱን ፕላን ከፈተች። ከላይ ጀምራ አነበበች፤ ትልልቁንም ትንንሹንም፤ የአድማጩን ቁጥር፣ ድምፁ የሚቀመጥበትን ቦታ፣ ሲቋረጥ የሚጠራውን ስልክ። ረጅም ነበር። መልከጸዴቅ መንጋጋው ሲያላምጥ ታያለች፤ እጆቹን ግን ጭኑ ሥር አድርጎ ተቀምጦባቸው ነበር። ጥፍሯ ከሥሩ ማደግ ጀምሯል፤ ጥቁሩ ከሥጋው ትንሽ ርቋል። ያ ጣት መስመር በመስመር ወርዶ አንድ ቦታ ቆመ።

«ሰዓትን በተመለከተ» አለች፣ ባሏንም አየችው።

«አንብቢ» አለ መልከጸዴቅ።

«የማን ሰዓት ነው?» አለ ሳህሌ።

ምሥራቅ እስከ መጨረሻው አነበበችና «የእኛ ነው» አለች። መልከጸዴቅ ጎኑን ደግፎ ቀና አለና መስመሩን እንደገና እንድታነብለት ለመናት።